ጉልበት የተናገረ ዕለት

ሰውን አማልክት ከበቆሎ ሊጥ ሠሩት ብለው በሚተርኩ በጓቲማላ ደገኞች፣ በማያዎች አገር፣ በአንድ ሕፃን ሰውነት ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ አሉ። ዘመኑ ክፉ ነው። ከ1960 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የዘለቀው ጦርነት ማሳውን አስጥሎ ሰዉን ይበትናል፤ ለሕፃኑ በቀን የሚደርሰው አንድ የበቆሎ ቂጣ ነው።

«መጀመሪያ ለእኔ! እኔ ከጠፋሁ ማናችሁም አትተርፉም» አለ ራስ። ልብና ሳንባም ድርሻቸውን አነሱ። እውነታቸውን ነው፤ ሰውነት በችግር ቀን የሚያስቀድመው አንጎሉንና የውስጥ ዕቃውን ነው። ግን የሕፃን እግር ከሌላው አካል ፈጥኖ የሚረዝመው በዚያው በልጅነት ነበር። ቂጣው ደረት አልፎ፣ ሆድ አልፎ ታፋ ሲደርስ ፍርፋሪ ሆነ።

ጉልበት ትንፍሽ አላለም። ማገዶ ተሸከመ፣ ራስንም ተሸክሞ ዳገት ወጣ።

ዓመታት አለፉና ራስ ቁልቁል እያየ «ምን ታደርግ፣ ዘርህ አጭር ነው» ይለው ጀመር። ይህ ቃል እኛም ቤት አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 38ቱ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ሲገኙ፣ ስንቱ ጎረቤት «አባቱን መስሎ ነው» ብሎ አልፏል!

ያ ሕፃን አድጎ ተሰደደ፤ ፍሎሪዳ፣ ኢንዲያንታውን ገባ። ልጅ ወለደ። ለልጁ ንጹሕ ውሃ፣ ሐኪም፣ የትምህርት ቤት ምሳ አልጎደለበትም። በ1999 እና በ2000 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማና በሎስ አንጀለስ የማያ ስደተኞች ልጆች ሲለኩ፣ ጓቲማላ ካሉት እኩዮቻቸው በአማካይ 11 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል በልጠው ተገኙ፤ 7ቱ ያህል የእግር ነው።

አንድ ቀን አባትና ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትከሻቸው ሊተካከል ምንም አልቀረው። ሲነሱ ግን አባት ሽቅብ አንጋጠጠ።

ያኔ ጉልበት አፉን ከፈተ። «ጌታዬ ራስ፣ ዘሩ ያው የእኛው ነው።»

ራስ መልስ አጣ። ጎንበስ ብሎ ጉልበትን ከቅርብ አየው፤ ቆዳው ቆርፍዷል፣ ማገዶ ይዞ የወደቀበት ጠባሳ አሁንም አለ። ማታ ማዕድ ሲቀርብ «ጉልበትን አስቀድሙ» ብሎ አዘዘ።

«እኔስ መሽቶብኛል» አለ ጉልበት፤ «ምራትህ እርጉዝ ናት፣ ለእሷ አንሡላት።»