ስለ ትዝታ አጠባበቅና ስለ ቤት አፈራረስ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ያልሰማህም ዶዘሩ ደጅህ ሲደርስ ትሰማለህ።

እኛ የከተማው የፕላን ቦርድ አባላት፣ በአራዳ የቀሩትን አሮጌ ቤቶች ጉዳይ መርምረን፣ ሻያችንንም ጠጥተን ይህን አውጀናል። የአዋጁ ቁጥር ወደፊት ይሞላል።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቤት ሲያሠሩ የግንባታ ፈቃድ ያላወጡ፣ በሊዝ ጨረታ ያልተወዳደሩ፣ የአፈር ምርመራም ያላስደረጉ በመሆናቸው፤

ከእርሳቸው ወዲህ አርመኑ፣ ሕንዱና ግሪኩ ከአገሬው አናጺና ግንበኛ ጋር ሆኖ ቦርዱን ሳያስፈቅድ ሰገነቱን በጌጠኛ እንጨት፣ ግድግዳውን በድንጋይ እየሠራ አራዳን የሞላት በመሆኑ፤

እነዚህ ቤቶች ጣሊያንን፣ አብዮትንና ትርፍ ቤት የወረሰውን አዋጅ ቁጥር 47/1967ን ችለው፣ ጣሪያቸው እያፈሰሰም ቢሆን በገዛ ፈቃዳቸው ለመውደቅ እምቢ በማለታቸው፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ስለ ቦርዱ አሠራር

ቦርዱ ቦታውን ሳያይ ይወስናል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የታወቀ አባት ያለው ሙያ ነው። ስመ ጥሩው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ በ1936 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባን በዓይኑ ሳያይ ከተማዋን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሰፊ ጎዳና በወረቀት ላይ አስምሮ ለሙሶሊኒ ልኳል። በንድፉ ላይ ጎዳናው አለ፤ ነባሩ ሰፈር የለም። ሙሶሊኒ ሥራውን ለሌላ ሰጠው እንጂ ዘዴውስ ምንም አይወጣለትም ነበር። ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ነዳፊ አበርክሮምቢም ሌሎችም እየመጡ ፕላን አውጥተዋል። ቦርዱ ግን ከሁሉ የመረጠው ሳይመጣ የነደፈውን ነው፤ አበልና ነዳጅ ይቆጥባልና።

አንቀጽ 2፦ ስለ ቅርስ

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቋሚ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሳ ይከለክላል። ቦርዱ ሕጉን ያከብራል። ስለዚህ ማንኛውም ታሪካዊ ቤት ከቦታው አይነሳም፤ የሚፈርሰው እዚያው ቦታው ላይ ነው።

በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ሰሌዳ ይለጠፍበታል። ግድግዳው በሚፈርስበት ጊዜ ሰሌዳው በባለሙያ በጥንቃቄ ይነቀላል። ለመመዝገብ ወረፋ የያዘ ቤት ደግሞ ወረፋውን ፈርሶ ይጠብቃል። አስፋልት ዳር የሚገኝ ቤት ፊቱ ብቻ ይተርፋል፤ ግራጫ ይቀባል፤ ማታ ማታም መብራት ይበራበታል። ከፊቱ ወደ ውስጥ ያለው ክፍል፣ ማለትም ሰው የሚያድርበት፣ ታሪካዊነቱ አልተረጋገጠም።

በባዶው ቦታ ላይ ካፌ ይከፈታል። የፈረሰው ቤት ፎቶ በትልቁ ታትሞ በካፌው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ማኪያቶ ያዘዘ የቀድሞ ነዋሪ ቤቱን ያለ ተጨማሪ ክፍያ መመልከት ይችላል።

አንቀጽ 3፦ ስለ እድሳት

በጎንደር የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥት በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ ተጠግነው፣ ኋላ ባለሙያዎች ያንኑ ሲሚንቶ እያነሱ በኖራ ለመተካት እንደተገደዱ ለቦርዱ ተነግሮታል። ኖራ ግንቡን ያስተነፍሰዋል፣ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀርበታል ተባለ። ሰብሳቢው ኖራ ለመድረቅ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁ። መልሱን ከሰሙ በኋላ ሲሚንቶ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ምርቃቱ ቅርብ ነው።

በጥር 2007 ዓ.ም. የአራዳውን ጥንታዊ ጣይቱ ሆቴል ያቃጠለው እሳት የቦርዱን ሥልጣን በመጋፋቱ ተወቅሷል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ሕዝብ ውይይት

ውይይት ግዴታ ነው። የሚካሄደውም ቤቶቹ ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው፤ አለዚያ ተወያዩ የሚወያይበትን ቤት ለይቶ አያውቀውም።

ባለፈው ውይይት አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው «እማማ፣ በአጭሩ» አሏቸው።

«ልጄ፣ እኔ ስለ ጭቃው ቤት አልመጣሁም። ሲያፈስብኝ የኖረ ነው፤ አዲስ ቤት ማን ይጠላል? እድራችንን ምን ልታደርጉት ነው?»

«እድሩ ስንት ካሬ ነው?»

«ሰው ሲሞት ሰፈሩን ሁሉ ይይዛል።»

ይህ መልስ በቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ ባለመኖሩ ታለፈ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ተነስቶ፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማኅበራዊ ትስስር ሲቋረጥ ካሳ ይከፈላል ይላል ሲል አነበበ። ቦርዱ የወጣቱን የንባብ ባህል አድንቆ ማይክሮፎኑን ተቀበለው። ቀጥሎም እንዲህ ሲል ወሰነ፦ ነዋሪዎቹ የቀበሌ ቤት ተከራዮች እንደመሆናቸው ጉርብትናቸውም የቀበሌ ንብረት ነው፤ ሰው የገዛ ንብረቱ ላልሆነ ነገር ካሳ አይጠይቅም።

ስለዚህ ከእድርተኞቹ እኩሌቶቹ ወደ ከተማው ዳር ወደ ገላን ጉራ፣ እኩሌቶቹ ወደ ሌላው ዳር ወደ ቦሌ አራብሳ ይሄዳሉ። የእድሩ ድንኳን፣ ብረት ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ የአራዳ ባህላዊ ቅርስ ስለሆኑ ሙዚየም ይገባሉ። ለቅሶ የገጠመው ቤተሰብ ድንኳኑን በውሰት ለመውሰድ በደብዳቤ መጠየቅ ይችላል። ደብዳቤው ሟች ከመሞቱ አሥር የሥራ ቀናት አስቀድሞ መግባት አለበት።

(በቃለ ጉባኤው ላይ «ተሳታፊዎች ልማቱን በደስታ ተቀብለዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከስብሰባው በፊት የተጻፈ በመሆኑ እንዳለ ጸድቋል።)

አንቀጽ 5፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከመታወጁ ሁለት ወር አስቀድሞ ጀምሮ የጸና ነው። ቅሬታ ያለው ነዋሪ የቤቱን ካርታ ወይም የኪራይ ደብተሩን ይዞ በሦስት ቀን ውስጥ በሰፈሩ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ያመልክት። ጽሕፈት ቤቱ ባለፈው ሐሙስ ፈርሷል።