ስማችሁ ሻይ ውስጥ እየተነከረ ነው

ለኒስ ከተማ ማዘጋጃ ቤት
ኒስ፣ ፈረንሳይ

ጉዳዩ፦ እንግሊዝ አገር ብስኩት ላይ ስለታተመው ስማችሁ ውሳኔ እንድትሰጡ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ነዋሪነቴ ለንደን የሆነ አበሻ ስሆን፣ በሻይ ሰዓት ሰላም በማጣቴ ይህን ማመልከቻ አቀርባለሁ። ጠቡ የተነሳው በእናንተ ስም ነውና ዳኝነቱም ከእናንተ ይጠበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ለሻይ የሚያቀርቡት አንድ ብስኩት አለ። አራት ማዕዘን ሆኖ ዳር ዳሩ ጥርስ ጥርስ ያወጣ ነው፤ ከላዩ ስኳር ተነስንሶበታል፤ ሲነክሱት ኮኮናት ኮኮናት ይላል። መሀሉ ላይ አራት የላቲን ፊደላት ታትመዋል። አንዱ ወገን «ኒስ» ብሎ የከተማችሁን ስም ያነባቸዋል፤ ሌላው ወገን «ናይስ» ብሎ «ደስ የሚል» የሚለውን ቃላቸውን ያነባቸዋል። ለሁለቱም አጻጻፉ አንድ ነው። የከተማ ስም መሆኑ በመነሻ ፊደሉ እንዳይለይ ደግሞ ጋጋሪዎቹ አራቱንም በትልቅ ፊደል አትመው አረፉት።

ክርክሩ ሲጀመር ብታዩት! «ኒስ» ባዩ ትናንት ማታ ከእናንተ ባሕር ዳርቻ የተመለሰ ይመስል ድምፁን ያለሰልሳል። «ናይስ» ባዩ «እናቴ ናይስ ስትል ሰምቼ ነው ያደግሁት» ብሎ እናቱን ምስክር ይቆጥራል። እናት ከተጠራች በኋላ መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርብ ደፋር የለም። በዚህ መሀል ሻይ ውስጥ ተነክሮ የተረሳው ብስኩት ይቆረጥና ኩባያው ሥር ይሰምጣል። በማንኪያ ተፈልጎ ሲወጣ ፊደላቱ ሟሙተዋል። ኤግዚቢቱ ጠፋ ማለት ነው።

ባዶ እጄን አልመጣሁም፤ የሰነድ ማስረጃ አለኝ። ብስኩቱን ከጋገሩት ቀደምት ፋብሪካዎች አንዱ በሬዲንግ ከተማ የነበረው ሀንትሊ ኤንድ ፓልመርስ ነው። በ1822 የተጀመረው ይህ ድርጅት በዘመኑ ከዓለም ትልቁ ብስኩት ፋብሪካ እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ የከተማው እግር ኳስ ክለብ ሳይቀር ለረጅም ጊዜ «ብስኩተኞቹ» ይባል ነበር። ድርጅቱ በ1929 ባወጣው ማስታወቂያ ብስኩቱ ስሙን እንዳገኘባት ከተማ ሁሉ ደስ የሚል መሆኑን ተናገረ። «ኒስ» ባዮች እልል አሉ። ግን የነጋዴን ብልሃት ልብ በሉ፤ ከተማዋን በምስክርነት ሲጠራ «ደስ የሚል» ብሎ ለ«ናይስ» ባዮችም ይግባኝ የሚሉበትን ቀዳዳ ትቶላቸዋል።

ለ«ኒስ» ንባብ ንግሥት ቪክቶሪያን በምስክርነት የሚጠቅሱም አሉ። እናንተ ዘንድ እየመጣች ታርፍ እንደነበር እውነት ነው፤ ሲሚዬ ኮረብታ ላይ ሐውልቷ ቆሟል። ንግሥቲቱ ግን እንግዳችሁ እንጂ ጋጋሪ አልነበረችም። ዛሬ ብስኩቱን በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በሕንድ የተለያዩ ፋብሪካዎች ስለሚጋግሩት፣ «የእኔ ነው፣ እንዲህ ጥሩት» ብሎ የሚቆርጥ ባለቤት የለውም።

እናንተስ ብትሆኑ ከነገሩ ንጹሕ ናችሁ? ግሪኮች ኒካያ ብለው ቆረቆሯችሁ፤ ጣሊያኖች ኒትሳ አሏችሁ፤ የአገሬው ተወላጅ ኒሳ ይላችኋል፤ በ1860 ወደ ፈረንሳይ ስትጠቃለሉ ኒስ ሆናችሁ ቀራችሁ። እንግሊዞች ብርዳቸውን ሸሽተው ቢመጡ ደግሞ የባሕር ዳር መንገዳችሁን «የእንግሊዞች መንሸራሸሪያ» ብላችሁ ሰየማችሁላቸው። እነሱም ውለታ መላሾች ናቸውና ስማችሁን ብስኩት ላይ አተሙላችሁ። መንገዱ እስካሁን አለ፤ ብስኩቱ በየቀኑ ይበላል።

እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥማችሁ ደግሞ የመጀመሪያችሁ አይደለም። ጁሴፔ ጋሪባልዲ በ1807 የተወለደው እናንተ ዘንድ ነው። ጣሊያንን አንድ ለማድረግ የተዋጋውን ይህን ጄኔራል የለንደኑ ብስኩት ፋብሪካ ፒክ ፍሪንስ በ1861 ዘቢብ ተዳምጦ የገባበት ብስኩት አደረገው። በእሱ አጠራር ግን ሻይ ክፍል ውስጥ ሰው ሲጣላ አላየሁም። ጄኔራሉን የስሙ ርዝመት አድኖታል፤ እናንተን ያስጠቃችሁ አራት ፊደል መሆናችሁ ነው።

የእኛን ፊደል ላውሳችሁ ብዬ አስቤ ነበር። «ኒስ» ብሎ ከጻፈ ኒስ ነው፣ «ናይስ» ካለም ናይስ፤ ክርክር የለም። ኋላ ግን «ብስኩቱ ይበላል» ብዬ ጻፍኩና ደነገጥኩ። ጠብቆ ሲነበብ ብስኩቱ ተበይ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ራሱ በላተኛ ይሆናል። የራሳችንን ጉድ ይዘን ለሰው አበዳሪ መሆን አያምርብንምና ብድሩ ይቅር።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦

1. የብስኩቱ ስም «ኒስ» ተብሎ እንዲነበብ በማኅተም የተረጋገጠ ውሳኔ እንድትሰጡ። ሰነዱ የሚያደላው ወደዚያ ነውና።

2. «ናይስ» ባዮችን እንዳትከሱ። ከተማችሁን ባያውቋትም «ደስ ትላለች» እያሉላችሁ ነው፤ ሌሎች ከተሞች ይህን ምስጋና የሚያገኙት ለማስታወቂያ ከፍለው ነው።

3. ውሳኔው ከተፈረመ በኋላ መዝገብ ቤት ተቆልፎበት እንዲቀመጥ፣ ወደ ለንደንም ፈጽሞ እንዳይላክ። እዚህ ሰዎች በፖለቲካ ሲከራከሩ ሻያቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ በዚህ ብስኩት ሲከራከሩ ግን ውሃ እንደገና ይጥዳሉ። ማንም ሳይጎዳበት የሚያከራክር ነገር በዚህ ዘመን ብርቅ ነውና፣ እባካችሁ ፈርዳችሁ ዝም በሉ።

ከሰላምታ ጋር
አመልካቹ

ግልባጭ፦
ለብስኩት ጋጋሪዎች በሙሉ፦ በትልቅ ፊደል ማተማችሁን እንድትቀጥሉ።