የፎክላንዷ መንዜ

አገሮች በፈረንጅ ፊደል ተራ ሲሰለፉ ኢትዮጵያ ከ«ኢ» ወገኖቿ ሁሉ ጭራ ላይ ነው የምትቆመው። ኢኳዶር አለች፣ ኢጂፕት የሚሏት ግብፅ አለች፣ ኤልሳልቫዶር፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ኤርትራ፣ ኢስቶኒያ። ስዋዚላንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 ስሟን ኢስዋቲኒ ብላ ቀይራ ሰልፉን ጥሳ ከፊታችን ገባች። ከኋላችን ደግሞ በብዙ ዝርዝሮች ፎክላንድ ደሴቶች ትከተላለች። እኔም ይህን ሁሉ ለማወቅ የበቃሁት አክስቴ ባሕር ማዶ ያለ ልጃቸውን ሊጠይቁ ተነሥተው፣ «አንተ የተማርክ ልጅ፣ እስቲ ይህን ቅጽ ሙላልኝ» ስላሉኝ ነው።

መከራው ከልደት ቀን ጀመረ። አክስቴ የተወለዱት ጳጉሜን 3 ቀን 1950፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ቅጹ ጳጉሜን የምትባል ወር አያውቅም፤ ስንደምር ስንቀንስ ቆይተን ሴፕቴምበር 8 ቀን 1958 ላይ ተስማማን። ታዲያ ልጽፈው ብል አይጻፍም። ትንሽ የቀን መቁጠሪያ ብቅ አለችና በያዝነው ወር ላይ ተገተረች። ወደ ኋላ የምትመልሰው ቀስት ምስር አታክልም፤ በአንድ ንክኪ የምትመልሰውም አንድ ወር ብቻ ነው። እስከ 1958 ድረስ ከ700 ንክኪ በላይ መሆኑ ነው። «ዕድሜዬን በወር ልትቆጥርብኝ ነው?» አሉ አክስቴ፣ እየቆጠርኩባቸው ሳለ።

ፖል ፊትስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኢላማው ባነሰና በራቀ ቁጥር እጅ እዚያ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ1954 ለክቶ አሳይቷል። ያችን ቀስት የሠራት ሰው ግን ወሬውም አልደረሰው።

አገር ምረጡ የሚለው ጋ ስንደርስ ዝርዝሩን ከፍቼ «ኢትዮጵያ»ን መረጥሁ። ገጹን ወደ ታች ላወርድ የማውሱን ጎማ አሽከረከርሁ። ዝርዝሩ ለካ ቢዘጋም ማውሱን አልለቀቀም ኖሯል፤ ከገጹ በፊት እሱ ተንቀሳቅሶ አንድ ደረጃ ወረደ። ድምፅ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ላክነው።

ከሳምንታት በኋላ መልስ መጣ፦ የፎክላንድ ደሴቶች ተወላጅ ለመሆንዎ ማስረጃ ያቅርቡ።

«የት ነው እሱ?» አሉ አክስቴ።

«ከአርጀንቲና ወዲያ፣ ደቡብ አትላንቲክ ላይ።»

«ይበርዳል?»

«ይበርዳል፤ ነፋሱም አይጣል ነው። ከሰው ደግሞ በጉ ይበዛል።»

«ታዲያ መንዝ ነው በለኛ!»

እስኪስተካከል ድረስ ተመላለስን። በቢሮው መስኮት በኩል ያለው ወጣት «እማማ፣ ሲሞሉ መጠንቀቅ ነበር» ሲላቸው፣ አክስቴ አንገታቸውን ደፍተው «ይቅርታ ልጄ፣ እኛ መች እናውቅበታለን» አሉት። ከፎክላንድ ይልቅ ይህ አናደደኝ።

የማሽንን ጥፋት በሰው ማላከክ የቆየ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ቢ-17 ቦምብ ጣዮች በሰላም መሬት ከነኩ በኋላ በሆዳቸው ይተኙ ነበር። አብራሪው ፍላፕ የሚባለውን የክንፍ ተዘርጊ እሰበስባለሁ ብሎ ጎማውን ይሰበስባል። ስሙ «የአብራሪ ስሕተት» ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠጋ ብሎ ሲያይ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተተከሉ መንትዮች ናቸው። አብራሪዎቹን «ተጠንቀቁ» ብሎ መምከሩን ትቶ በጎማው መቆጣጠሪያ ላይ ትንሽ ጎማ፣ በፍላፑ ላይ ሽብልቅ መሳይ ነገር ለጠፈበት። እጅ ሳያይ ለየ።

የኛም ቅጽ መድኃኒቱ ከዚህ አይከብድም፦ ዓመቱን በጣት መጻፍ ይፈቀድ፤ የተዘጋ ዝርዝር በጎማ አይነቃነቅ፤ ከመላኩ በፊት የተመረጠው አገር በጉልህ ይታይ።

የቻፓኒስን ታሪክ ለአክስቴ ነገርኋቸው። «የወለደችው ትባረክ!» አሉ። አሁን ስልካቸው እንቢ ሲላቸው ይቅርታ መጠየቁን ትተዋል፤ «ማነው የሠራህ?» ብለው ነው የሚጀምሩት።