ዘጠኝ ኪሎ ከአሥር ኪሎ ሲበልጥ

አርባ ምንጭ ውስጥ ሳያወዳድር የሚውል ሰው አላውቅም። ከሰፈሮቹ ሴቻ ይሻላል ሲቀላ? ከሐይቆቹ ዓባያ ይበልጣል ጫሞ? በስፋት ከሆነ ዓባያ፤ በውኃው ጥራት ከሆነ ግን ጫሞ፤ ዓባያማ ቀላ ብሎ ደፍርሶ ነው የሚውለው። ክርክሩ ቢከርርም የዓሣ ኩትሌት ከነዳጣው ሲቀርብ ሁሉም ይስማማል።

ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ሽምግልና አያውቅም። የእህቴ ልጅ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ኢፍ» ላይ ደርሷል። እንዲህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያንን አድርግ ማለት ነው፤ እናቱ «ካልበላህ አትወጣም» እያለች ያሳደገችው ልጅ ስለሆነ አልከበደውም።

ልምምዱን በጫሞ ዓሣ ጀመረ። የሁለት አጥማጆችን ኪሎ ተቀብሎ የሚበልጠውን የሚናገር ፕሮግራም ጻፈ። ለአንዱ 9፣ ለሌላው 10 አስገባ። ማሽኑ ምንም ሳያፍር 9 ይበልጣል አለ።

«አጎቴ፣ ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም። ፓይተን ከቁልፍ ሰሌዳ የተቀበለውን ሁሉ የሚይዘው እንደ ጽሑፍ ነው። ቁጥር መሆኑን በ«ኢንት» ካልነገሩት ከግራ ጀምሮ ምልክት በምልክት ያስተያያል፤ 9ን ከ1 ጋር እንዳየ ፈርዶ ይነሣል፣ ከ1 ኋላ ያለችውን ዜሮ ዞር ብሎም አያያት። በዚህ ሚዛን የሚገዛ ነጋዴ ሐይቁ ዳር ቢገኝ ነገውኑ መረብ እገዛ ነበር።

ኢንት ገባ፣ 10 በለጠ። ቀጥሎ ዋጋ ነጋሪ ሠራ፤ የገባው ስም «ዓሣ» ከሆነ ዋጋውን ይናገራል። አንድ የእኩል ምልክት ማስቀመጫ፣ ሁለቱ ተከታትለው ሲጻፉ መጠየቂያ መሆናቸውን ያውቃል፤ በትክክል ጠይቋል። እናቱ «አሳ» ብላ አስገባች። የለም አላት። ጫሞን ያህል ሐይቅ አጠገብ ተቀምጦ!

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ሰጥቷል። ጆሯችን የማይለያቸው አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ ለማሽኑ አራት ባዕዳን ናቸው፤ ሳ እና ሣም እንዲሁ። ስለዚህ አንዱ ዓሣ በ8 መንገድ ይጻፋል፣ ለማሽኑም 8 የማይተዋወቁ ፍጥረታት ይሆናል። «አርባምንጭ» ብሎ ገጥሞ የጻፈማ ሌላ ከተማ ገብቷል።

ልጁ ስምንቱንም ሊዘረዝር ሲዘጋጅ እናቱ ሰለቻት። «ዓሣውን ተወውና ሙዝ አድርገው!»

ሳታውቀው ሞክሼ ፊደል የሌለበትን ስም መርጣለች። አስገባች፤ ማሽኑ ወዲያው ዋጋውን ነገራት።

«ተወዷል» አለች፤ «ቀንስ በለው።»