የሳሙና አምባሳደር

ወይ ዘንድሮ! የዘመኔ ሰዎች፣ በሕይወት ካላችሁ ስሙኝማ። ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ አንዲት መኪና ድምፅ ማጉያ ጭና፣ ጆሮዬን እየበሳች፣ «የሳሙናችን አምባሳደር!» ስትል ሰማሁ። ማን ነው ብል ዘፋኝ ነው አሉኝ። ኧረ የሹመት ደብዳቤውን ለማን ሊያቀርብ ነው? ለልብስ አጣቢዋ?

ድሮ አምባሳደር ማለት ራስ እምሩ ነበሩ። ጎጃምን ገዝተው፣ ሽሬ ላይ ተዋግተው፣ ጣሊያን ወስዶ አስሯቸው፣ ከዚያ ወዲያ ነው ዋሽንግተንና ኒው ዴልሂ የተላኩት። የእንዶዳሙ ሐዲስ ዓለማየሁም አብረዋቸው ዘምተው፣ እሳቸውም ታስረው፣ በኋላ ለንደን ላይ አምባሳደር ሆኑ፤ በ1958 ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙልን። መጀመሪያ እስር፣ ከዚያ ሹመት፤ ወጉ ይኸ ነበር። ክፉ ምላስ ያለው ሁሉ «ጃንሆይ ዞር በልልኝ ያሉትን ነበር አምባሳደር የሚያደርጉት» ይላል። ቢሆንስ? ማባረርና በክብር መሸኘት አንድ ነው?

ፈረንጆቹ በ1961 በእነሱ አቆጣጠር ቪየና ላይ ተሰብስበው «የአምባሳደር ገላ አይነካም» ብለው ተፈራረሙ አሉ። ድንቄም! በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅ ሊለምን ሲመጣ ውሻው እንኳ ይታሰርለት ነበር።

ከቡሬ ማንኩሳ በእግር ሄደን፣ «ተቀመጡ» ሲሉን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለን እንገተራለን። አባትየው ጉሮሮውን ጠርጎ «ዘመድ ላማክር» ይልና ቀጠሮ ይሰጠናል። ጠላ ጠጥተን እንመለሳለን። እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ጠላ። ዓመት ቢፈጅስ ማን አሳደደን? ዘንድሮ ልጅቱና ልጁ በቴሌግራም ተዋውለው ከጨረሱ በኋላ እኛን ለፎቶ ይጠሩናል። ጠላውም ቀርቶ ለስላሳ ሆኗል፤ ሆዴን ይነፋኛል።

ከጠላው ጋር እውነትም አብራ ጠፋች። ያን ጊዜ የሽማግሌ ቃል ቃል ነበር! አንድ ጊዜ በሬ የሌለውን ጎረምሳ «ሁለት ጥማድ አለው» ብዬ ዳርኩት። አማቱ ሊያዩ ሲመጡ የጎረቤት በሬዎች አምጥተን በረቱ ውስጥ አሰርን፤ አይተው፣ ረክተው፣ መርቀው ሄዱ። ይኸ ውሸት እንዳይመስላችሁ፤ ጥበብ ነው። እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ዊንጌትስ በየካቲት 1933 ቡሬ ላይ ምን አደረገ? ጥቂት ወታደር ይዞ እልፍ መስሎ፣ በሌሊት እያስደነገጠ፣ በድምፅ ማጉያ እያሰበከ፣ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የጣሊያን ጦር ከምሽጉ አስለቀቀው። ድምፅ ማጉያ ማለት እሱ ነው!

ምስጢርማ የት አለ? የዛሬ ልጅ የበላውን ሳይቀር ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። እኔ የበሬዎቹን ነገር ከእናንተ በቀር ለማን ተነፈስኩ?

ባለፈው ደግሞ የሰፈር ወጣቶች መጥተው «አባባ፣ የጽዳት አምባሳደር ይሁኑልን» አይሉኝም! በጭራዬ አባረርኳቸው። ያመጡልኝን ኮፍያ ግን ጥለውት ሄዱ። ለፀሐይ ደኅና ነው፤ ሹመቱም ግንባሩ ላይ በትልቁ ተጽፎበታል። ትንሽ ጠበበኝ እንጂ። ሰፋ ያለ እንዳላቸው የልጅ ልጄን በቴሌግራም ጠይቅልኝ ብዬዋለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም፤ የዘንድሮ ልጅ ምኑ ይላካል?