ባትና ጅማትን በአጭር ጊዜ ለማበላሸት

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አስፋልት ሉማሜን አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ ባቱን ማበላሸት የሚሻ የከተማዋ ሯጭ ቦታ ፍለጋ አይንከራተትም። እስከ ዛሬ ጫማ አድርጎ በተረከዙ እያረፈ ሲሮጥ ከኖረ፣ ነገ ማለዳ ጫማውን አውልቆ በእግር ጣቶቹ ግርጌ ብቻ እየረገጠ ይነሳ። ርቀቱን እንዳይቀንስ አደራ! ቀስ በቀስ የለመደ ጅማት ይጠነክርና ልፋቱን ከንቱ ያስቀረዋል።

"ምን ነካህ?" ያለው ካለ አበበ ቢቂላን ይጥራ። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2:15:16 አሸንፏል። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አጥልቆ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከሳምንታት በኋላ፣ በ2:12:11 መግባቱን ማንሳት ግን ክርክር ያበላሻል።

ጥናትም ሲጠቅስ መርጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት 52 የሃርቫርድ ሯጮችን መርምሮ፣ በተረከዝ የሚያርፉት ላይ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ ጉዳት እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። እዚህ ላይ ያቁም። ከድንበር ማዶ በሰሜን ኬንያ፣ ባዶ እግር መሄድ የለመዱ ዳሰነቾች በሚመቻቸው ፍጥነት ሲሮጡ አብዛኞቹ በተረከዝ ማረፋቸውን አይስማ። እ.ኤ.አ. በ2017 የለንደን ዓለም ሻምፒዮና ከተወዳደሩት ማራቶን ሯጮች የሚበዙት በተረከዛቸው ማረፋቸውንም እንዲሁ። በጣቶች ግርጌ መሮጥ ኦክስጅን ይቆጥባል የሚለውንም ወሬ ሳያጣራ ይመን፤ ተለክቶ አልተገኘምና።

ዋናው ምስጢር ጫናው የትም አለመጥፋቱ ነው። ተረከዝ ቀድሞ ሲያርፍ ጉልበት ይሸከማል፤ የጣቶች ግርጌ ሲቀድም ዕዳው ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ይዞራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የሚያህል ሯጭ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትሩን ያሸነፈው ጅማቱ እያመመው ነው፤ ከዚያም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የሉማሜው ጀማሪ ግን ዓመታት መጠበቅ የለበትም።

አረጋገጥ መቀየር የሰለቸው ደግሞ እርምጃውን ያርዝም፤ እግሩ ከሰውነቱ በጣም ቀድሞ ሲያርፍ ጉልበቱ ድርሻውን ያገኛል። ከአልጋ ሲወርድ ጅማቱ ግትር ብሎበት ካነከሰ "እየተላመደ ነው" ይበል፣ አስፋልቱን ይዞ ወደ ደጀን ይፍጠን። ሲመለስ ሚኒባስ አይጠፋም።