ዲኖን ለነካ

«ስድስት ሲሊንደር ብቻ? ግማሽ ፌራሪ በለው!» ይላል አንዱ፣ ዲኖ 246 ጂቲ የተባለው መኪና በተነሳ ቁጥር። ወዳጄ፣ ሲሊንደር እስከ አሥራ ሁለት ስለቆጠርክ መንዳት ታውቃለህ ማን አለህ? ሞተሩ 2.4 ሊትር፣ ጉልበቱ 195 ፈረስ፣ የመኪናው ክብደት ከአንድ ቶን ብዙም የማይርቅ። ያ ግማሽ ያልከው ሞተር ነው ላንቺያ ስትራቶስ ውስጥ ገብቶ የዓለም ራሊን ሲያምስ የከረመው። አቧራውን ሲቅሙ የከረሙትን ሙሉዎች ጠይቃቸው።

«የፌራሪ አርማ እንኳ የለውም!»

የመሥራቹ የኤንዞ ፌራሪ ልጅ ስም አለበታ! አልፍሬዶ ፌራሪ፣ ቤተሰቡ ዲኖ የሚለው፣ ጡንቻ በሚያመነምን በሽታ በ1956 እ.ኤ.አ. ሲሞት ገና 24 ዓመቱ ነበር። ከኢንጂነር ቪቶሪዮ ያኖ ጋር ሲመክርበት የነበረው የቪ6 ሞተር ግን አልሞተም። ኤንዞ ፌራሪ ያን ያህል የሚኮሩበትን ስማቸውን ትተው የልጃቸውን ጻፉበት። ይኼ ነው ማነስ? አንተ ደግሞ የፈረሱን አርማ ገዝተህ ኮፈኑ ላይ የለጠፍከው ሰውዬ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማህም? በል ላጠው! የሟች ልጅ ስም ላይ በምን አንጀትህ ጌጥ ትደርባለህ?

«ሞተሩን የሠራው ፊያት ነው!»

አዎ፣ ነው። ለፎርሙላ 2 ውድድር 500 ሞተር ተመርቶ መገኘት ነበረበት፤ ያን ያህል ማምረት ለፌራሪ ስለከበደ ፊያት ሠራው። እርሾው የቤት፣ ምጣዱ የጎረቤት ቢሆን እንጀራው የማን ነው?

«ለመሆኑ ምኑ ያምራል?»

ዓይን ካለህ መልኩን የነደፈው ፒኒንፋሪና መልሶልሃል። አልጠግብ ካልክ ግባና ተቀመጥ። ከፊት መስታወቱ ባሻገር የሁለቱ ጎማዎች መከለያ ግራና ቀኝ ጉብ ብሎ ይታይሃል፤ ጎማህ የት እንዳለ አትገምትም፣ ታየዋለህ። ከኋላህ ወደ ውስጥ የጎበጠች መስታወት አለች፤ ከእሷ ወዲያ ሞተሩ ወርዱን ተጋድሟል። አንደኛ ማርሽ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ስትስበው ዘንጉ በተፈለፈለው ብረት መሀል ያልፍና ቀጭ ይላል። ነዳጅ ስትረግጥ ሦስቱ ዌበር ካርቡሬተሮች አየሩን ጀርባህ ላይ ይምጉታል። አሁን ሬዲዮ ክፈትልኝ ትላለህ?

«አሥራ ሁለት ሲሊንደሩ ግን ይፈጥናል!»

ይፍጠና! ቀጥ ባለው አስፋልት ይሂድልህ። ከማራኔሎ ወደ አቤቶኔ ተራራ የሚወጣው ጠመዝማዛ ላይ እንገናኝ።